«ዋነኞቹ» የሚለው ቃል የት ሄደ? ስለ ሞርሞን ነቢያትና ምሁራን

ትርሲት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዩታ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ ነው። አሁን የምረዳቸው ሰውዬ ሰማንያዎቹን አጋምሰዋል። ሞርሞን ናቸው፤ አባታቸውም፣ አያታቸውም እንደዚያው። (ቤተ ክርስቲያኗ ከ2018 ወዲህ በሙሉ ስሜ ጥሩኝ ትላለች፤ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው ስሟ። በየመስመሩ መጻፍ ስለሚያደክም ነው አጭሩን የምጠቀመው። በንቀት አይደለም።)

ሰውዬው በወጣትነታቸው፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሚስዮናዊ ሆነው አሪዞና ውስጥ ናቫሆ በሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ መካከል አገልግለዋል። በር እያንኳኩ የሚሉት ይህን ነበር፦ «እናንተ ላማናውያን ናችሁ። ይህ መጽሐፍ የአባቶቻችሁ ታሪክ ነው።» ከዚያ ዘመን የሚያስታውሱት ስም ብዙ ነው። የትናንት እራታቸውን ይረሳሉ፤ እሱን አይረሱም።

ባለፈው ወር የልጅ ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጣች። ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ጥሩ ልጅ ናት። ምሳ እያቀረብኩ ስለ ናቫሆዎቹ መተረክ ሲጀምሩ እንዲህ አለቻቸው፦ «አያቴ፣ እሱ እኮ የድሮ አስተሳሰብ ነው። ምሁራኖቻችን የመጽሐፉ ሰዎች ትንሽ ቡድን ነበሩ ነው የሚሉት። ምናልባት ሜክሲኮ አካባቢ። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሁሉ ላማናውያን ናቸው የሚለው መሠረተ እምነት ሆኖ አያውቅም።»

ሰውዬው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ብዙ ቆይተው ነው የተናገሩት። «እኔን የላኩኝ ነቢዩ ናቸው። ታዲያ እኔ ምን አስተምሬ ነው የመጣሁት?»

ይህ ጥያቄ አላስተኛኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሳነብ ነው የከረምኩት።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጆሴፍ ስሚዝ መጽሐፈ ሞርሞንን ያሳተመው በ1830 ነው፣ ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ውስጥ። መልአክ ካሳየኝ የወርቅ ሰሌዳዎች ተረጎምኩት አለ። መጽሐፉ ሌሂ የሚባል ሰው ከክርስቶስ ልደት 600 ዓመት በፊት ከኢየሩሳሌም ቤተሰቡን ይዞ ወጥቶ፣ በመርከብ አሜሪካ እንደገባ ይተርካል። ዘሮቹ ለሁለት ተከፈሉ። ኔፋውያን ጠፉ፤ ላማናውያን ቀሩ። ጆሴፍ ራሱ በ1842 ለአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ሲጽፍ፣ የቀሩት ዛሬ በዚህ አገር የሚኖሩት ሕንዶች (የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ማለቱ ነው) ናቸው ብሏል። ከሱ በኋላ የመጡት መሪዎችም ይህንኑ ነው ያስተማሩት። (ሞርሞኖች የቤተ ክርስቲያኗን ፕሬዚዳንት «ነቢይ»፣ ከሥሩ ያሉትን ከፍተኛ መሪዎች «ሐዋርያት» ይሏቸዋል።) ስፔንሰር ኪምቦል በ1960 ገና ሐዋርያ ሳሉ በጠቅላላ ጉባኤ መድረክ ላይ፣ ሞርሞን ቤት ያደጉ የነባር ሕዝብ ልጆች ቆዳቸው እየነጣ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል።

አሁን ወደ አንዲት ቃል ልምጣ። በ1981 እትም ላይ ለመጽሐፉ አዲስ መግቢያ ተጻፈለት። ላማናውያን የአሜሪካ ሕንዶች «ዋነኞቹ ቅድመ አያቶች» ናቸው ይላል። በ2006 ለገበያ በወጣ እትም ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩ ተለውጦ ተገኘ፤ «ከቅድመ አያቶች መካከል ናቸው» ሆነ። በ2007 ዜና ሆኖ ተወራ። አሁን በሁሉም እትም ላይ ያለው እሱ ነው።

«ዋነኞቹ» ወጥታ «መካከል» ገባች። በመሐሉ የሆነው ነገር የዘር ቅንጣት (ዲ ኤን ኤ) ጥናት ነው። የነባር ሕዝቦቹ ዘር በአብዛኛው ከእስያ መሆኑ ታወቀ። ምሁራኑ ግን ከዚያ በፊትም «ትንሽ ቡድን» ይሉ ነበር።

እኔን የሚያመኝ ምሁራኑ መሳሳታቸው ወይም ትክክል መሆናቸው አይደለም። መጽሐፉን ለማዳን ሲሉ የነቢያቱን ቃል «የግል አስተያየት» ያደርጉታል። መሪዎቹ ደግሞ ቆይተው የምሁራኑን መልስ ይወስዱታል። ግን ማንም ወደ አሪዞና ተመልሶ «የነገርናችሁን አስተካክለናል» አላለም። ቃሉን ተሸክሞ የሄደው ልጅ ዛሬ ሰማንያ ምናምን ዓመቱ ነው፤ ማንኪያውን አስቀምጦ ተቀምጧል።

ምን ትላላችሁ?

አዱኛ፦

ትርሲትዬ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እነዚህ ምሁራን የማን ናቸው? የቤተ ክርስቲያኗ ደመወዝተኞች ናቸው ወይስ ተቃዋሚዎች? እኔ የማውቀው ዐቃቤ እምነት አባቶች ያሉትን ሲደግፍ እንጂ ሲያርም አይደለም።

ትርሲት፦

አዱኛ፣ እኔንም መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ይኸው ነው። ተቃዋሚ አይደሉም። ብዙዎቹ አጥብቀው የሚያምኑ፣ በቤተ ክርስቲያኗ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ናቸው።

ጆን ሶረንሰን የሚባለውን ውሰድ። አንትሮፖሎጂስት ነበር። መጽሐፈ ሞርሞንን ቁጭ ብሎ እንደ ካርታ አነበበው። ሰዎቹ ከዚህ ከተማ እዚያ ከተማ በስንት ቀን ደረሱ? በእግር ነው፣ ከብትና ልጅ ይዘው ነው። ሲደምረው ርቀቱ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ ሆነበት። ሁለት አህጉር የሚሞላ ታሪክ አይደለም። በ1985 ባሳተመው ሥራ ቦታውን ደቡብ ሜክሲኮና ጓቲማላ አካባቢ አደረገው። የመጨረሻው ጦርነት የተደረገበት የኩሞራ ኮረብታም እዚያው ነው አለ። ኒው ዮርክ ያለው ኩሞራ ጆሴፍ ሰሌዳዎቹን ያወጣበት ነው፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ቦታው ሌላ ነው።

ሥራው ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ችግሩ ግን ይህን ሐሳብ ገና ሲወራ የተቃወሙት የውጭ ሰዎች አልነበሩም። ሐዋርያው ጆሴፍ ፊልዲንግ ስሚዝ ነበሩ፤ በኋላ በ1970 የቤተ ክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት የሆኑት። ሁለት ኩሞራ የሚለው ሐሳብ የአባላቱን እምነት እያወከ ነው ብለው ጽፈዋል። ሐዋርያው በጽሑፍ ያወገዙትን ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኗ ዩኒቨርሲቲ ያለ ምእመን መምህር ለእምነቱ መከላከያ አደረገው ማለት ነው።

የድርጅቶቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ1979 ጆን ዌልች የሚባል የሕግ ሰው ፋርምስ የተባለ የጥናት ማኅበር መሠረተ። በ1997 ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ገባ። በ2006 ስሙ ማክስዌል ተቋም ሆነ። በ2012 ደግሞ ተቋሙ ዋናውን የዕቅበተ እምነት ጸሐፊ ዳንኤል ፒተርሰንን ከመጽሔቱ አዘጋጅነት አነሳ። ረጋ ወዳለ የዩኒቨርሲቲ ጥናት እናዘንብል የሚሉት አሸነፉ። ፒተርሰን በዚያው ዓመት ከጓደኞቹ ጋር ኢንተርፕሪተር የሚባል ሌላ ማኅበር አቋቋመ። እንግዲህ መሪና ምሁር ብቻ አይደለም፤ ምሁር ከምሁርም አልተስማማም።

ካሌብ፦

እህት ትርሲት፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔ የቤተ ክርስቲያኗ አባል ነኝ። ስለ ሰውዬው የጻፍሽውን ሳነብ ልቤ ተነክቷል። አንቺን ለመከራከር ሳይሆን ከውስጥ ሲታይ እንዴት እንደሆነ ለመናገር ነው የምጽፈው።

አንደኛ፣ ነቢይ አይሳሳትም የሚል ትምህርት የለንም። ጆሴፍ ስሚዝ ራሱ በ1843 ነቢይ ነቢይ የሚሆነው እንደ ነቢይ ሲሠራ ብቻ ነው ብሏል። ከሱ ቀጥሎ የመራው ብሪገም ያንግም ሕዝቡ መሪዎቹን ከመጠን በላይ አምኖ ራሱ እግዚአብሔርን መጠየቅ እንዳይተው እፈራለሁ ይል ነበር። በ2013 ከመሪዎቻችን አንዱ ኡክዶርፍ በጠቅላላ ጉባኤ ላይ መሪዎች የተሳሳቱበት ጊዜ እንደነበር በግልጽ ተናግረዋል። ስለዚህ ምሁሩ «ይህ የግል አስተያየት ነው» ሲል ከሰማይ የወረደ አዲስ ነገር አላመጣም። ነቢያቱ ራሳቸው የሰጡትን መለኪያ ነው የተጠቀመው።

ሁለተኛ ይህን የምለው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነው። በ1985 ጥር 27 ቀን አሜሪካና ካናዳ ያሉ አባላት ለአፍሪካ ረሀብ ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተዋል። በዚያው ዓመት ረድኤቱን ለማየት ኢትዮጵያ ከሄዱት መሪዎች አንዱ ራስል ባላርድ ናቸው። እኚሁ ባላርድ ሐዋርያ ሆነው በ2016 ለሃይማኖት መምህራን ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? ተማሪ ቅን ጥያቄ ሲጠይቅ መምህሩ «አትጨነቅበት» ብሎ የሚያልፍበት ዘመን አብቅቷል አሉ። የማታውቁትን ምሁራንን ጠይቁ አሉ። እኔ ይህን ሰምቼ ነው ያረፍኩት። መሪውና ምሁሩ ለእኔ ጠላቶች አይደሉም።

ሀና፦

ወንድም ካሌብ፣ ስለ 1985ቱ ስላነሳህ አመሰግናለሁ። ቤተሰቤ ወሎ ነው፤ እህል ያመጣን ሰው አንረሳም።

ግን «እንደ ነቢይ ሲሠራ ብቻ» የሚለው መለኪያ ላይ ልያዝህ። መቼ እንደ ነቢይ እንደሠራ የሚወስነው ማን ነው? ሰው ሲናገር ነው የሚታወቀው ወይስ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስህተቱ ሲገለጥ?

እኛን የሚነካውን ምሳሌ ላንሳ። ብሪገም ያንግ በ1852 ጥቁር ሰው ክህነት አይቀበልም ብሎ በአደባባይ ተናገረ (እነሱ ጋ ክህነት የቄስ ብቻ ሳይሆን በአጠቃላይ ለወንድ አባላት የሚሰጥ ነው)። በ1949 ቀዳሚ አመራሩ፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱና አማካሪዎቻቸው፣ ይህ የአስተዳደር ውሳኔ ሳይሆን ከጌታ የመጣ ቀጥተኛ ትእዛዝ ነው ብሎ በጽሑፍ አወጣ። ልብ በል፤ «አስተያየታችን ነው» አላሉም። እንዲያውም አስተያየት አይደለም ለማለት ነው የጻፉት። በ1973 ሌስተር ቡሽ የሚባል ሐኪም፣ የቤተ ክርስቲያኗ አባል ነበር፣ ሰነዱን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ረጅም ጥናት አሳተመ። እገዳው ከጆሴፍ ስሚዝ ለመምጣቱ ማስረጃ እንደሌለ አሳየ። ኤላይጃ ኤብል የሚባል ጥቁር ሰው እኮ በ1836፣ ጆሴፍ በሕይወት እያለ፣ ክህነት ተቀብሏል።

በ1978 ሰኔ ላይ እገዳው በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት በነበሩት በኪምቦል ተነሣ። ተመስገን ነው። ሐዋርያው ብሩስ መኮንኪ በነሐሴ ወር ለመምህራን ሲናገር፣ ከአሁኑ ራዕይ ጋር የሚጋጭ እኔም ሆንኩ ብሪገም ያንግ ያልነውን ሁሉ እርሱት አለ። በ2013 ታኅሣሥ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ ጥቁር ቆዳ የእርግማን ምልክት ነው የሚለውን የድሮ ማብራሪያ እንደማትቀበል በድረ ገጿ ላይ አወጣች። የ1949ኙ ጽሑፍ «ትእዛዝ» ያለውንስ? እሱ ስህተት ነበር የሚል መስመር አላገኘሁም። ማብራሪያው ተጣለ፤ እገዳው ራሱ ከማን እንደመጣ ግን አንባቢው ራሱ ይወቀው ተብሎ ተተወ።

እና «እርሱት» የሚለው ቃል። ለመምህሩ ይቀላል። አንድ መቶ ሃያ ስድስት ዓመት ቤተ መቅደስ ደጅ ላይ የቆመው ሰው ምኑን ይርሳው?

ካሌብ፦

እህት ሀና፣ በዚህ ላይ መልስ የለኝም። እኔ ጥቁር ነኝ፣ ክህነትም አለኝ። የ1949ኙን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ለሦስት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ተመልሼ ስሄድ ማንም ለምን ቀረህ አላለኝም። የተመለስኩት በመልስ አይደለም፤ በጸሎት ነው። ከዚህ በላይ ማለት ውሸት ይሆንብኛል።

ሀና፦

ካሌብ፣ እውነቱን ስለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። ልጎዳህ ብዬ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ። ለእገዳው ይጠቀስ ከነበረው አንዱ ጥቅስ መጽሐፈ አብርሃም ምዕራፍ 1 ላይ ነው። ፈርዖን ከካም ዘር ስለሆነ ክህነት ተከለከለ ይላል። ይህ መጽሐፍ ከየት መጣ? በ1835 ኦሃዮ ውስጥ አንድ ነጋዴ የግብፅ አስከሬኖችና የፓፒረስ ጥቅልሎች ይዞ መጣ። ሞርሞኖች በ2,400 ዶላር ገዙት። ጆሴፍ አብርሃም በገዛ እጁ በፓፒረስ ላይ የጻፈው ነው ብሎ ተረጎመው። ፓፒረሱ በ1871ዱ የቺካጎ ቃጠሎ እንደጠፋ ይታሰብ ነበር።

ከዚያ በ1966 ዓዚዝ ዓጢያ፣ ግብፃዊ የቅብጥ ኦርቶዶክስ የታሪክ ሊቅ፣ በዩታ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ሌላ ነገር ሲፈልግ ቁርጥራጮቹን አገኛቸው! በ1967 ለቤተ ክርስቲያኗ ተሰጡ። ሊቃውንቱ ሲያነቡት የግብፃውያን የቀብር ጽሑፍ ነው። ቤተ ክርስቲያኗም በ2014 በተገኙት ቁርጥራጮች ላይ የአብርሃም ስም እንደሌለ አምናለች።

የምሁራኑ መከላከያ ሁለት ነው። አንዱ፣ አብርሃም ያለበት ጥቅልል የጠፋው ነው ይላል። ሌላው፣ ፓፒረሱ ለራዕይ መነሻ ሆነው እንጂ ቃል በቃል አልተተረጎመም ይላል። ሁለተኛው ለእኔ ብልህ መልስ ነው። ግን «በገዛ እጁ የጻፈው» የሚለው ርእስ አሁንም መጽሐፉ ላይ አለ። እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት የተቀመጠው ሰው የሚያነበው ርእሱን ነው።

የጎንደር ልጅ፦

ጥሩ ውይይት ነው። እኔ የአብነት ተማሪ ነበርኩ፤ በዚያ ዓይን አንድ ነገር ልበል።

እኛ ጋ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ይዞ «አንድም… አንድም…» እያለ ሦስት አራት ጊዜ ይፈታዋል። የመጻሕፍት ትርጓሜ የራሱ ወንበር አለው። ወንበሩን የተከለው ሊቅ ጳጳስ ላይሆን ይችላል፤ ጳጳሱ ግን ከሊቁ እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ሊሆን ይችላል። የእኛም ቤት ጠብ አላጣውም፤ በቅባትና በጸጋ ስንት ዘመን ተባልተናል። ቢሆንም ትርጓሜ ወንበር አለው።

ሞርሞኖች ጋ ያስተዋልኩት ይህ ወንበር አለመኖሩን ነው። መሪዎቹ የነገረ መለኮት ተማሪዎች አይደሉም። ራስል ኔልሰን የልብ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ዳሊን ኦክስ የዩታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። የአጥቢያ ኤጲስ ቆጶሶቻቸው ደመወዝ የሌላቸው፣ ሰኞ ወደ ቢሮ የሚገቡ ሰዎች ናቸው። ይህ ያምራል፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የመወሰን ሥልጣን ያለው ዕብራይስጡን አያነብም፤ ዕብራይስጡን የሚያነበው ሥልጣን የለውም። ምሁሩ ትክክል ቢሆን እንኳ «ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ትላለች» ማለት አይችልም። መሪው ደግሞ ጥያቄው ሲመጣበት ወደ ምሁሩ ይልካል። የልጅ ልጃቸው የተናገረችው የምሁሩን ቃል ነው። ሰውዬው የሚጠብቁት ግን የመሪውን ቃል ነው።

አዱኛ፦

አሁን ገባኝ። ግን እንደዚያ ከሆነ ተራው ሕዝብ ምሁራኑን ለምን አልተቃወመም? «ከነቢይ ማን በለጠ» የሚል አልተነሣም?

ትርሲት፦

ተነሥቷል እንጂ! ሃርትላንድ የሚባሉ አሉ። የመጽሐፈ ሞርሞን ምድር እዚሁ ዩናይትድ ስቴትስ ውስጥ፣ ከታላላቆቹ ሐይቆች እስከ ሚሲሲፒ ሸለቆ ነው ይላሉ። ሙግታቸው ቀላል ነው፤ ጆሴፍ ስሚዝ እንዲህ ብሏል፣ ምሁራኑ ነቢዩን ትተው ሜክሲኮ ገቡ። ምሁራኑ ደግሞ ማስረጃችሁ ሳይንስ አይደለም ይሏቸዋል። በ2019 ቤተ ክርስቲያኗ ስለ ቦታው የያዝኩት አቋም የለም፤ አባላትም ቤተ ክርስቲያኗ የደገፈችው በሚያስመስል መንገድ የየራሳቸውን ሐሳብ አያራምዱ አለች። ጆሴፍ ፊልዲንግ ስሚዝ ያን ያህል የተከራከሩለት ኩሞራ አሁን «አቋም የለንም» ሆኗል።

ወንድም ካሌብ፣ ባላርድ ያሉትን አንብቤዋለሁ፤ መልካም ንግግር ነው። ግን በ1981 ሐዋርያው ቦይድ ፓከር ለዚያው ዓይነት መምህራን፣ እውነት የሆነ ሁሉ የሚጠቅም አይደለም ብለው ነበር። በ1993 ደግሞ ምሁራንን ለቤተ ክርስቲያኗ ከሦስቱ አደጋዎች አንዱ ብለው ቆጠሯቸው። በዚያ ዓመት መስከረም ስድስት ጸሐፊዎችና ምሁራን ተቀጥተዋል፤ አብዛኞቹ ተወግዘው ወጥተዋል። የባላርድ ንግግር የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በ1981 እና በ2016 መካከል የነበረ ጠያቂ ተማሪ የት ገባ? እኔ የማስበው እሱን ነው።

የጎንደር ልጅ፣ ስለ ወንበሩ ያልከውን ለሰውዬው ነገርኳቸው። በዝግታ፣ በቀላል ቋንቋ። ሰምተው ሰምተው «ያ ወንበር እኛም ጋ ቢኖር ጥሩ ነበር» አሉ።

ካሌብ፦

ትርሲት፣ ሰውዬው አሁን እንዴት ናቸው? እሱን ብትነግሪኝ።

ትርሲት፦

ደህና ናቸው፤ ይበላሉ። ማክሰኞ ዕለት በሚስዮናዊነት ዘመናቸው ይዘውት የዞሩትን መጽሐፍ ከሳጥን አውጪልኝ አሉኝ። ቆዳው ተልጧል። አንድ ገጽ ግለጪ አሉ፤ ሁለተኛ ኔፊ ምዕራፍ 30። ላማናውያን አንድ ቀን «ነጭና ደስ የሚያሰኙ» ሕዝብ ይሆናሉ ይላል። በ1981 እትም ላይ «ንጹሕና ደስ የሚያሰኙ» ሆኗል። ጆሴፍ በ1840 እንዲህ አርሞት ነበር፤ እርማቱ በኋላ እትሞች ላይ ሳይገባ ቀረ። እሳቸው ግን በ1960ዎቹ አሪዞና ላይ ያነበቡት «ነጭ» የሚለውን ነው። እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ደገምኩት።

ከዚያ ስለ አንዲት የናቫሆ አሮጊት ነገሩኝ። ያጠመቁት ልጅ አያት ናቸው። አንድ ምሽት እሳት ዳር ተቀምጠው ሕዝባቸው ከየት እንደመጣ በልጁ አስተርጓሚነት ነግረዋቸው ነበር። «ገና ሳይጨርሱ አቋረጥኳቸው» አሉ። «ትክክለኛውን እኔ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። ሃያ ዓመቴ ነበር።»

ትናንት ደብዳቤ አጻፉኝ። ለዚያ ልጅ ነው፤ አሁን እሱም ሽማግሌ ነው። ስለ ላማናውያን ምንም አላሉም። ስለ ነቢያትም፣ ስለ ምሁራንም አላነሱም። ያስጻፉኝ ይህን ነው፦ «አያትህ ያን ምሽት የጀመሩልኝን ታሪክ ታስታውሰዋለህ? መጨረሻውን አልሰማሁትም። ብትጽፍልኝ ደስ ይለኛል።»

አድራሻውን የልጅ ልጃቸው እየፈለገችልን ነው።